ቅንድቤን ያጡት አልቶዎች

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በጊዜ ወጣሁ። ጥርስ ሐኪም ጋ ነኝ ብያቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ጥርስ እንደታከምኩ የሚቆጥር ቢኖር፣ አንድም ባልተረፈኝ።

የግንባሬን መጨማደድ በመርፌ የምታጠፋልኝ ዶክተር ፒላይ እንደ ሁልጊዜው ግንባሬን እንድቋጥር አዘዘችኝ። ቋጠርኩ። "ይቋጥሩ እንጂ" አለች። ቋጥሬያለሁ እኮ! ሳቀችና በጣቷ ዳሰሰችኝ። ጡንቻው ሳስቷል አለች። ስጀምር የወንድ ጡንቻ ወፍራም ነው ብላ ለሴቶቹ ከምትሰጠው በላይ ነበር የምትወጋኝ፤ ያም ሆኖ ሦስት ወር አይዘልቅም ነበር። አሁን ግማሹ ይበቃል፤ ስድስት ወር ይከርማል። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል አለች። ደስ አለኝ። ለዚሁ አይደል የምመላለሰው?

ዛሬ ግን ከላይ ያሉትን አግድም መስመሮችም ጨምሪልኝ አልኳት። አልወደደችውም። ቅንድብ ይከብዳል፣ ወንድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ በትንሹ እንሞክረው አለች። እኔ ሙሉውን አልኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የራሴን ግንባር ማዘዝ አልችልም?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

የምመራቸው መዘምራን ልምምድ። የሜይ ሃያ አራቱ ውድድር ቅርብ ነው። አዲሱ መዝሙር መሀል ላይ አልቶዎቹ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚዘምሩት ሴቶች፣ ዘገዩ። አስደገምኳቸው። ዘገዩ። ሦስተኛም...

ግንባሬ ግን መስታወት ሆኗል። በቀጭን ድምፅ ከሚዘምሩት ሶፕራኖዎች አንዷ እንደ አባት አክብራ "ታታ ሞንዴ፣ እርጅና እርስዎን ፈራ እንዴ?" አለችኝ። የእናቴ ደም ነው አልኩ። ሁልጊዜ የምለው ይሄንኑ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ዛሬም ያው ቦታ ላይ። ከወንዶቹ በቀኝ እጄ ባለ ቀጭን ድምፆቹን ቴነሮች፣ በግራዬ ባለ ወፍራም ድምፆቹን ባሶች ይዣለሁ... አልቶ የለም። ዝም። ከዚያ እየተንጠባጠቡ ይገባሉ፤ መጨረሻ የሚገቡት ማማ ሉላማ።

ማማ ሉላማ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔ ይህን የመዘምራን ቡድን ከመረከቤ በፊት ጀምሮ አልቶ ናቸው። ታዲያ ምን ነካኝ? ሠላሳ ሰው ፊት "ማማ፣ እኔን ማየት ካቃተዎት ቁጭ ብለው ማዳመጥ ይሻልዎታል" አልኩ።

ሹራባቸውን ደረቡ፣ ቦርሳቸውን አነሡ፣ ወንበራቸውን አስጠግተው ወጡ።

ተናድጄ ነበር። ልክ ነበርኩ... ልክ ነበርኩ?

ማክሰኞ፣ ማርች 4

የማማ ሉላማ ወንበር ባዶ። አልቶዎቹ አሁንም ዘገዩ። እንግዲህ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም ማለት ነው።

ሰው ሲበተን ቶዛማ ቀረች። የአልቶዎቹ አለቃ ናት፤ በማዋለጃ ክፍል ነው የምትሠራው፣ ነገር አታስጌጥም። በሩን ገፋ አደረገችና፣

"ታታ፣ የምነግርዎትን እንዳይቀየሙኝ" አለች። "እኛ የምንገባው በእጅዎ አይደለም። በእጅዎ ገብተንም አናውቅ። እጅዎ ሌሎቹን ይይዛል፤ እኛን የሚያስገባን ቅንድብዎ ነበር። ዓመት ካመት እያነሰ መጣ... ዘንድሮ ጠፋ።"

"እንዴት ጠፋ?"

"እኔን ይጠይቁኛል? ፊቱ የእርስዎ ነው።"

ታውቃለች? ሁሉም ያውቃሉ?

ረቡዕ፣ ማርች 5

መስታወት ፊት ቆሜ ዘመርኩ። አልቶ ጋ ስደርስ ቅንድቤን አነሣሁ። በሐሳቤ ነው ያነሣሁት። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አውቶብስ የሚጠብቅ ይመስላል።

በጣቴ ገፍቼ አነሣሁት። ስለቀው ወረደ።

ዓርብ፣ ማርች 7

ክሊኒክ። አስለቅቂልኝ አልኳት። ማስለቀቂያ የለውም አለች። እንዴት አይኖረውም? መድኃኒቱን ማስገቢያ መርፌ ካለ ማስወጫ ይጠፋል? ጊዜ ብቻ ነው የሚፈታው። ለብዙ ሰው ሦስት አራት ወር፤ እንደኔ ለዓመታት ለተወጋ ጡንቻ ሊረዝም ይችላል። መመለሱ ግን ይመለሳል፣ ቀስ እያለ፣ ምናልባትም አንዱ ጎን ቀድሞ።

የሚያስፈራኝን ጠየቅኩ። ብተወው ፊቴ ባንዴ ያረጃል? አያረጅም አለች። ካለሁበት ነው የምቀጥለው፤ መስመሩም እንደ ድሮው ለመቆፈር ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያ ፎቶዬንና ያሁኑን አጠገብ ላጠገብ አሳየችኝ። በድሮው ላይ አባቴን አየሁ፤ ያ የግንባር ቋጠሮ፣ ልጅ ሆነን ከቤት የሚያስወጣን። እሱን ለማጥፋት ነበር የጀመርኩት። ተማሪዎቹ ገና ሳልናገር ይፈሩኝ ነበርና።

መንገር ነበረብሽ ብዬ ጮህኩባት። ካርዴን ገልጣ አሳየችኝ። ነግራኛለች። ፈርሜያለሁ።

ይቅርታ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እሑድ፣ ማርች 16

ሙቅ ፎጣ። ማሸት። በቀን አምስት ጊዜ ቅንድብ ማንሳት። ዶክተሯ አይጠቅምም ብላኛለች፤ አደርገዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዷ ሴትዮ እንቅልፍ አጥተዋል ወይ አለችኝ። የዓይኔ ቆዳ ወርዶ ተኝቶብኛል። ሳይቸግረኝ!

ሐሙስ፣ ማርች 27

በጭንቅላቴ ምልክት ልስጣቸው አልኩ። ስነቀንቀው ሶፕራኖዎቹም ገቡ። በትከሻዬ ሞከርኩ፤ ባሶቹ ሳቁ። ከመዘምራኑ ኮሚቴ አንዱ ወጣት መሪ ስለማፈላለግ ጣል አደረገ፤ "እንዲያው ለእገዛ" አለ። ገባኝ። ስሜ ሞንዴ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ትዕግሥት ማለት ነው። እናቴ ምን አስባ ይሆን?

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ናንዲፋ ከእኔ ጋር ምሳ በላች። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

አውቅ ነበር አለች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የቀጠሮ ካርድ ካየች አራት ዓመት ሆኗታል። ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ሹካዋን አስቀመጠች።

"የነርሲንግ ትምህርቴን አቋርጬ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል? ፊትህን አየሁት፤ ምንም የለበትም። ግድ የለውም አልኩ።"

ያን ቀን አልጋ ላይ በልብሴ ወድቄ ነበር። ይህን ነገርኳት።

"አሁን ነው የምሰማው፣ አባ" አለች።

ሳህኑን ማንም አልጨረሰውም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ማማ ሉላማ ቤት ሄድኩ። አጥራቸው ሥር ጎመን እያረሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና አረማቸውን ቀጠሉ። ዛሬም ቢሆን በጎሳ ስሜ አክብረው ነው የጠሩኝ፤ "ራዴቤ፣ ና ቁጭ በል።" ያስቀመጡኝ ግን ውጭ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ነው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መርፌውን፣ ሰባቱን ዓመት፣ የእናቴ ደም ነው ያልኩትን ውሸት። እየተናገርኩ ፊቴ ጸጸቴን እንደማያሳይ አስባለሁ... ያምኑኛል?

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። አዲስ ነው።

"ዓይኔን አስመረመርኩ" አሉ። "ያባረርከኝ ሰሞን። ደህና ነው አሉኝ፤ አላመንኳቸውም። ሌላ ጋ ሄድኩ፤ ይህን መነጽር ሸጠልኝ። ከዚያ ጆሮዬን። ከዚያ ለልጄ ደወልኩና ጭንቅላቴ መሄድ ሳይጀምር አይቀርም፣ ቤቱን በስምህ አዙረው አልኩት።"

ከሳጥኑ ተነሣሁ።

"ማማ፣ ጥፋቱ..."

"ሰማሁህ። ያንተ ነው።" መነጽሩን መልሰው አጠለቁ። "ወንድ ልጅ መቆንጀቱን አልጠላም። ባሌም ጢሙን በጫማ ቀለም ያጠቁር ነበር። ግን ለራሱ ነበር የሚያጠቁረው፤ እኔን አላሳበደኝም።"

ተመለሱ ብዬ ለመንኳቸው። አይሆንም አሉ። በሠላሳ ሰው ፊት የተባለ ነገር በጎመን መደብ አይታረቅም አሉ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

በሠላሳ ሰው ፊት ተናገርኩ።

ግንባሬን ስለምወጋ ፊቴ አይታዘዘኝም፤ አልቶዎቹ ያልገቡት እኔ ስላልጠራኋቸው ነው፤ ማማ ሉላማን በሐሰት አዋረድኳቸው አልኩ። ከባሶቹ አንዱ "ታታ፣ ያማል?" አለ። ትንሽ ብቻ አልኩት። "ምክንያቱም ሚስቴ እኔንም..." ሳይጨርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁብኝ። የፈራሁት እሱን ነበር። አልገደለኝም።

ቶዛማ ግን አልሳቀችም። ቅንድቤ እስኪመለስ አልቶዎቹ እሷን እንዲያዩ፣ እሷ የእጄን ምት እየቆጠረች እንድታስገባቸው ተስማማን።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ግራ ቅንድቤ ተነቃነቀ። የግራው ብቻ። አንድ ጎኔ ይገረማል፣ ሌላው አይሰማም። ቶዛማ አየችው፤ "መጣ" አለች፣ ማዋለጃ ክፍል ያለች ይመስል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

በውድድሩ ከዘጠኝ ቡድን ስድስተኛ ወጣን።

አልቶዎቹ በሰዓቱ ገቡ። እንደ አንድ ሰው! እኔ ደግሞ በዚያ ደስታ ተውጬ ቴነሮቹ ድምፃቸው ወርዶ መዝሙሩን ይዘውት ሲወርዱ አልሰማሁም። ሦስት ወር ስለ ቅንድቤ ስጨነቅ ቴነሮቹን ማን አለማመዳቸው? ማንም።

ማማ ሉላማ ታዳሚው መሀል ነበሩ። ሳላናግራቸው ሄዱ። አውቶብስ ውስጥ ማንም አልዘፈነም።

ሰኞ፣ ጁን 2

ዶክተር ፒላይ ጋ ደወልኩ። ያኔ ስለጮህኩባት ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ቀጠሮ ያዝኩ። አዎ፣ ያዝኩ። የአባቴን ቋጠሮ አሁንም አልፈልገውም፤ ለምን እዋሻለሁ? ግን ለኦገስት፣ በትንሹ፣ መሀሉን ብቻ። ከቅንድብ በላይ እንዳትነኪ አልኳት። ወንዶች ብዙውን ጊዜ ጨምሪ ነው የሚሉኝ አለች።

ናንዲፋ አጠገቤ ነበረች። "እሺ፣ ግን አፍህን ተጠቀም" አለችኝ። እየሞከርኩ ነው። ትናንት ስትዘገዪ ሰግቼ ነበር ብዬ ነገርኳት። በቃል። ይከብዳል።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ቴነሮቹን ለብቻ ይዤ ጀመርኩ። አሁንም ድምፃቸው ይወርዳል። አራት ጊዜ አስደገምኩ። አምስተኛው ላይ በሩ ተከፈተ፤ ማማ ሉላማ። ማንንም ሳያናግሩ ወንበራቸው ጋ ሄዱ፣ ሹራባቸውን አወለቁ፣ ወረቀታቸውን ዘረጉ።

ቴነሮቹ ላይ ንዴቴ ገና አልበረደም፣ እሳቸውን በማየቴ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ሠላሳ ሰው ያየናል።

ማማ ሉላማ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ግንባሬን ትክ ብለው አዩ።

"ቴነሮች፣ ተጠንቀቁ" አሉ። "ሰውየው ተቆጥቷል። ደግሞም ሊያለቅስ ነው።"

ከመጀመሪያው አልኩ። እጆቼን አነሣሁ።