ትርንጎ የሠራቻት ዶሮ

እናትዓለሜ፣

ነገሩ የተበላሸው፣ ትርንጎን ለአንደኛ ክፍል ደርሳ እንደሆነ የምትፈትናት ሴት የመጫወቻ ብሎክና ቀለም ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ዝም ያለች ጊዜ ነው። ልጄ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ጠበቀች። «እንኪ» እስኪሏት የሰው ዕቃ እንዳትነካ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። ሴትዮዋ ግን ልጅቷ መጫወት እንኳ አታውቅም፣ ልዩ ክፍል ትግባ አለች።

አንቺ ካረፍሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ሲለዩኝ፣ ዕብራይስጡ ስላልገባሽ «እሺ» ብለሽ እንደተመለስሽ አስታውሳለሁ። አልፈርድብሽም። እኔ ግን ቋንቋቸውን ተምሬዋለሁ፤ እንደገና ካልፈተናችኋት ብዬ በራቸውን አንኳኳሁ።

ቂርያት መናሔም ሰፈር ያለው ቤታችን አዲስ ማሞቂያ ገብቶለታል፤ ጠረጴዛሽ ግን ዛሬም ዱቄት እንደለበሰ ነው። ጎንደር ሸክላ የለመደው እጅሽ እዚህ ጭቃ ቢያጣ፣ ዱቄት በጨው አቡክተሽ ከትርንጎ ጋር በሬና ዶሮ ትሠሩ ነበር። አሁን ከእኔ ጋር ትሠራለች። ለክንፉ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ለዓይኑ ጥቁር አዝሙድ፣ ለእግሩ እርድ። ካገር ያመጣሻትን ማለስለሻ ጠጠር ስነካባት «አያቴ እንዲህ አይደለም የምታሸው!» ብላ ትቀማኛለች። ቁርጥ አንቺን።

ትናንት ሊጡን በላስቲክ ቋጥሬ፣ ለድጋሚው ፈተና ሃነቪኢም ጎዳና አጠገብ ወዳለው ቢሯቸው በአውቶቡስ ወረድን። ሴትዮዋ ዳግመኛ ደርድራ ዝም ስትል አላስችል አለኝ። «እኛ ዘንድ ልጅ የሚነካው ሲሰጡት ነው፤ ስጫት!» አልኳት በዕብራይስጥ። ቅር እያላት ያቀበልኳትን ሊጥ ዘረጋችላት። ትርንጎ በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያማ ማን ያቁማት! ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ሠርታ፣ ቀና ብላ «ለዓይኗ የሚሆን አዝሙድ የላችሁም እንዴ?» አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ሴትዮዋ ብሎኩንም ቀለሙንም አንድ በአንድ እያነሳች ሰጠቻት፤ ትርንጎ ሁሉንም ሠራችው። ከእኩዮቿ ጋር አንደኛ ክፍል ትገባለች ተባልን።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እፎይ አልኩ። ትርንጎ ምን ሆንሽ እያለች ሊጥ በነካ እጇ ጉንጬን ጠረገችልኝ።

ዶሮዋን ፎቶሽ ሥር አስቀምጠናታል። ሊጥ ባቦካሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ፤ በሁለት እጅ መቀበሉንም ልጄን አላስተዋትም። ግን እማዬ፣ ካሁን ወዲያ ማንም ይሁን ማን የልጄን ጨዋነት ድንቁርና ብሎ ሲጠራው፣ «እሺ» ብዬ አልመለስም።