በጾም ወር የጠጣሁት ውኃ

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሙንዚር፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ውዴ። እኔ ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ለእረፍት የመጣችው ጎረቤታችን ለይላ ሐሙስ ወደዚያ ስለምትመለስ ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ። በስልክማ አልቻልኩም፤ "ሰልዋ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?" ስትለኝ "ጉንፋን ነው" እላለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጉንፋን! አንተም አመንከኝ!

ጉንፋን አይደለም። ሉፐስ ይሉታል፤ የገዛ ሰውነቴ ተነሥቶ ኩላሊቴን እያጠቃው ነው። ደሴ የሚያየኝ ሐኪም ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ በግሉኮስ እንድወስድ አዘዘልኝ። ለካንሰርም ይሰጣል ሲለኝ ክው አልኩ። "ፊኛሽን እንዳያቆስለው ውኃ በብዛት ጠጪ" ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ? ጾምኩ! በሽታዬን ከእናትህ ከእማማ መዲና ደብቄ፣ በረመዳን ፊታቸው እንዴት ውኃ ልጠጣ? መድኃኒቱን በወሰድኩ በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ደም ሆነ። ስጮህ እማማ መዲና ሮጠው መጡ፤ በሽታዬን አፍረጥርጬ ነገርኳቸው። "አንቺ ጅል! አላህ ለበሽተኛ የፈቀደውን አንቺ እምቢ ትያለሽ?" ብለው ጮኹብኝ። አሁን ራሳቸው እየጾሙ በየሰዓቱ ብርጭቆ ይዘው ፊቴ ይቆማሉ። ጨርሼ ካላሳየኋቸው ወላሂ ንቅንቅ አይሉም።

ለእሳቸውም ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱ መውለድን ሊያስቀር ይችላል። ሐኪሙ "ላያስቀርም ይችላል" ብሏል፤ ግን ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ቤቱን ስዞር እውላለሁ። ልብስ አጥቤ፣ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ። ካልወሰድኩት ደግሞ ኩላሊቴ አይተርፍም። "ከባልሽ ተማከሪ" አለኝ። ምን ብዬ? አራት ዓመት ስንጠብቅ ኖረን!

ሰኞ የመድኃኒቱ ሁለተኛ ዙር ነው፤ ጠዋት ከእማማ ጋር ደሴ እንወጣለን። እስከዚያ እባክህ አትደውል። "ተይው" ብትለኝ የምሰማህ ይመስለኛል፤ እሱን ነው የፈራሁት። ልወስደው ነው ሙንዚር። መኖር እፈልጋለሁ። ማክሰኞ ደውለህ እንዳሻህ ተቆጣኝ።

አላህ ጾምህን ይቀበልህ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካህ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ያንተዋ ሰልዋ

ረስቼው፦ በለይላ እጅ የላክኸውን ቢጫ የሕፃን ካልሲ ልመልስልህ ፖስታው ውስጥ ከትቼው ነበር። መልሼ አወጣሁት። አንዱን ብቻ ልኬልሃለሁ፤ አንዱ እኔ ጋ ይቆይ።