ብቻውን የሚሄደው ይቅር፣ የሚገፋው ይምጣልን

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለአንዷለም፤ ካለህበት ከስዊድን አገር።

እንዴት ከርመሃል የኔ ጌታ? እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይስ ብርዱ ቀሰቀሰው? ባለቤትህ ዓለምፀሐይ ደህና ናት? የእናታችንን ስም የወረሰችው ትንሿ ሸዋረግ አደገች? የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? በረዶ ጀመረ ሲሉ ሰማሁ፤ እንግዲህ ካልሲ ደርባችሁ ልበሱ፣ የኔን ምክር በርቀቱ አትናቁት። እኛን ከጠየቅኸን ነፍሳችን ደህና ናት፤ ውርጩ እንደ ልማዱ ነው፤ ገብሱ ጎንበስ ብሏል፣ አጨዳው ደርሷል። ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ሸዋረግ ስትመጣ ስም ታወጣላት ብለን እስከ ዛሬ ያለ ስም አስቀምጠናታል።

በእጄ የጻፍኩልህ ስልኩ አልሆነልኝ ብሎ ነው። ገና እንዴት ነህ ብዬ ሳልጨርስ ይቆረጣል፤ አንተም በዚያ መሃል «እትዬ፣ ምረጡና ንገሩኝ» ትላለህ። የኔ ነገር ደግሞ ረጅም ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው ብዬ ብዕር አነሣሁ። መምህርት አመተሥላሴ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምትወርድ፣ ከዚያ ወደ አንተ የሚመጣ ሰው ፈልጋ ታስይዝልኛለች።

ለፋሲካ ስትመጣ ልታመጣልን ያሰብከውን የሣር ማጨጃ ፎቶ አይተናል። ልጃችን ሰብሊ መስከረም ላይ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ሦስቱንም በስልኳ አሳየችን። አንደኛው ያ ቀዩ፣ ሆዱ ብረት የሆነው፣ ሰፊው ነው። ሁለተኛው አረንጓዴው፣ ጠበብ ያለው፣ ከኋላው ከረጢት ያንጠለጠለው ነው። ሦስተኛው ሰው ሳይነካው እንደ ኤሊ ብቻውን ግቢውን የሚዞረው። አንተ የመረጥክልን ሦስተኛውን ነው፤ «ጋሼ ቸሩ እንዳይደክም» ብለህ፣ ለባለቤቴ አስበህ። ልብህን እግዜር ይይልህ፣ ውዱም እሱ እንደሆነ ሰብሊ ነግራኛለች። ግን ወንድሜ፣ እሱን አታምጣብን። ለምን እንደሆነ እንዲገባህ የደበቅንህን ነገር ልንገርህ።

ሰኔ ላይ ቸሩ ከበቅሎ ወደቀ ስንልህ ትንሽ ነገር ነው ብለን ነበር። ትንሽ አልነበረም። ከጓሳ ተራራ ሣር ጭኖ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዋ አዳለጣት፣ በቀኝ ትከሻው ወደቀ። መጀመሪያ ወጌሻ አሸው፣ አልሆነም፤ ሆስፒታል ስንደርስ አጥንቱ ተዛንፎ ይዟል ተባለ። ዛሬ ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሣም። ማጭድ መያዝማ ቀረ። አንተ ታውቃለህ፣ የጤና ጣቢያውን ግቢ፣ የመምህራኑን ጓሮ፣ የኛንም የሚያጭደው እሱ ነበር፤ የልፋቱ ዋጋ ሣሩ ነው፣ ሣሩም ለበጎቹ ነው። ማጭዱ ሲቀር ሁሉም ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ደጁ ላይ ድንጋዩ መቀመጫ ላይ ጋቢውን ደርቦ ዋለ። አምጪልኝ አይል፣ ውሰጂልኝ አይል።

መስከረም ሲጠባ ታዲያ «በጎቹን ሸጠን ሰብሊ ቤት እንሂድ፤ እዚህ ሣር ሲያድግ እያየሁ ምን እሠራለሁ» አለኝ። የበግ ነጋዴም አምጥቶ አሳየ፤ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ መጥቶ ሊነዳቸው ተስማሙ። እኔ ልጄ ቤት መኖር ጠልቼ አይደለም፤ ሰብሊም ደስ ይላታል። ግን ያ ዕድሜውን ሙሉ ደጅ የዋለ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ዓመት አይቆይልኝም ብዬ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንተ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ፎቶዎችህ የደረሱት። ሰብሊ ያን ብቻውን የሚሄደውን በቪዲዮ ስታሳየው ስልኩን በግራ እጁ ተቀብሎ ብዙ አየው። ሲሄድ፣ አጥር ሲደርስ ሲመለስ፣ ሲደክመው ራሱ ሄዶ ባትሪውን ሲሞላ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ይሄ ከመጣ እኔን ለምን ትፈልጉኛላችሁ?» አለ። ሰብሊ ደንግጣ «አባዬ፣ እንዳትደክም ብሎ ነው እኮ» ብትለው፣ «ድካሙን መቼ ጠላሁት» ብሎ ስልኩን መለሰላት። ወንድሜ፣ የዚያን ዕለት ፊቱን ብታየው አንተም ሐሳብህን ትለውጥ ነበር።

ሌላም ሰበብ አለው። ያ ማሽን ሣሩን አድቅቆ እዚያው መሬቱ ላይ ይተወዋል አሉ፤ ለአፈሩ ማዳበሪያ ይሆናል ብለሃል። አፈሩስ ይጥገብ፣ በጎቼ ምን ይብሉ? ደግሞ ግቢያችንን ረሳኸው እንጂ ድንጋይና ቁልቁለት ነው። ውሻችንም ቢሆን እንዲህ ያለ እየተንፏቀቀ የሚሄድ ነገር ግቢው ውስጥ አንድ ቀን አያሳድርም።

ስመኝን ታስታውሳታለህ፣ ወደ ጓሳ ለሚወጡ እንግዶች አልጋ የምታከራየውን? እሷ ዘንድ ያንተን ሁለተኛውን ፎቶ የሚመስል አለ። አይተን እንምረጥ፣ አውሺን አልኳት፤ እሺ አለች። ቸሩ ይህን ሲሰማ «ይምጣና ይታይ» አለ፣ እንደ መናቅ አድርጎ። ግን ወዲያው ግቢውን ዘጋው። በግ እንዳይገባ፣ ማንም እንዳይነቅል። የጓሳን የጋራ ሣር ሲጠብቅ የኖረ ሰው አይደል፤ ያልደረሰ ሣር አይነካም፣ ማሽኑም ቢሆን የደረሰ ሣር ይቆየው አለ። እኔም እውነት መስሎኝ ለእንግዳ እንደማሰናዳ አጥሩን ጠጋገንኩ። ስመኝ ቅዳሜ ውሰዱት ብትል ቅዳሜ መሬት አንነካም፤ ረቡዕ ሚካኤል ሆነ፣ ዓርብ አቡነ አረጋዊ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሣሩ ጉልበቴን አለፈ። በመጨረሻ ጥቅምት አሥራ ስምንት ማክሰኞ ዋለና እሷው ራሷ ይዛው መጣች።

ጎረቤታችን ቅጣው ከሰዎቹ ጋር መጥቶ ካቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ስመኝ ባትሪውን ከተተች፣ ቁልፉን ሰካች፣ ለቸሩ ሰጠችው። ማሽኑ እንደ ንብ እም እያለ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። እንደገና አስነሣው፤ አንድ እርምጃ፣ ቆመ። ሆዱ በሣር ተጎስጉሶ ዝም አለ። ቅጣው ካቡ ላይ ሆኖ «ቸሩ፣ ጠግቦ ነው፤ ተወው ያመስኳ» ሲል ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። ቸሩ በንዴት እጁን ወደ ስለቱ ሊከት ጎንበስ ሲል ስመኝ በጋቢው ጎተተችው። «ቁልፉን ሳትነቅል እጅህን አታግባ። ትከሻህ አይበቃህም?» አለችው። እሱ ማሽኑን እዚያው ጥሎ ቤት ገባ። እኔ በቃ አበቃ አልኩ፤ በጎቹም እኛም ሄድን አልኩ። ብቻ ስመኝን ለምኜ ማሽኑን ሳምንት አቆየሁት፤ ለምን እንደለመንኳት እንኳ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቸሩ ባትሪውን አውጥቶ፣ ማሽኑን በጎኑ አጋድሞ ከሥር ከሥሩ ሲዳስስ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ጌታነሽ፣ ይሄ ማጭድ አይደለም፤ ይሄ በግ ነው። አጭሩን ነው የሚግጠው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለበግ የበሬ ሣር አቀረብኩለት» አለኝ። ከዚያ ምን ያደረገ ይመስልሃል? ያንኑ የሳቀበትን ቅጣውን ጠርቶ በሬዎችህን አምጣ አለው። ቅጣው ነጻ ግጦሽ አግኝቶ እምቢ ሊል ነው? በሬዎቹ ሦስት አራት ቀን ረጅሙን በምላሳቸው እየጠቀለሉ ጨረሱት፤ እኔም ኋላ ኋላቸው እበቱን ለቀምኩ። ከዚያ በሚቀጥለው ማክሰኞ ቸሩ ስለቱ ከመሬት እንዲርቅ ማሽኑን በጎማው ላይ መጨረሻ ድረስ ከፍ አደረገና ጀመረ።

ምን ልበልህ። ቀኝ እጁን እጀታው ላይ እንዲያው አሳረፈው፣ በግራው ያዘ፣ በሰውነቱ ገፋ። እጅ ማንሣት የለ፣ ጎንበስ ማለት የለ። አንዱን ዙር ጨረሰ፣ ማሽኑን ዝቅ አደረገና ደገመው። ከረጢቱ ሲሞላ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ ለበጎቹ ድንጋዩ ላይ ሳሳ አድርጎ በተነላቸው። ተቆልሎ ካደረ ይግላል፣ ሆዳቸውን ይነፋል ብሎ ለኔ አስተማረኝ፤ ይህን ማን እንደነገረው አላውቅም፣ የገለባ ክምር ሲግል ያየው ይሆናል። ግቢውን ሲያጋምስ ባትሪው አለቀ። ቆሞ ላቡን ጠረገና «ሌላ ባትሪ የለውም?» አለኝ። ከሰኔ ወዲህ አንድ ነገር ፈልጎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ቅጣውም ካቡ ላይ ሆኖ የኔንስ ጓሮ መቼ ነው ሲለው፣ መጀመሪያ በሬዎችህን አስገባበት፣ ከዚያ ጥራኝ ብሎ መለሰለት።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የበግ ነጋዴውን አገኘው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ለኅዳሩ አትምጣ፣ መጪውን ክረምት ልየውና እንነጋገራለን አለው። አየህ፣ ጨርሶ አልተወውም። ስመኝ ማሽኗን ወስዳለች፣ ሁልጊዜ አውሺኝ አይባልም። መጪው ክረምት ነው የሚወስነው፤ ለዚህ ነው እንዲህ ነገር ያበዛሁብህ።

ስለዚህ ሁለተኛውን፣ አረንጓዴውን። ቀዩ ጠንካራ እንደሆነ አያለሁ፤ ግን ይከብዳል፣ በአንድ እጁ ካብ አያሻግረውም፣ ትልቁ ባትሪውም በአውሮፕላን አይሳፈርም ብለሃል። አረንጓዴው ትንንሾቹን ሁለት ባትሪ ይዞ ይምጣ፤ በአንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል። መብራት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋብናል፤ ሲመጣ ሁለቱንም ሞልተን እናስቀምጣለን። ቅጣው የቤንዚኑ አይሻልም ወይ ብሎን ነበር፤ ባጃጆቹ ያጡትን ቤንዚን እኛ ከየት እናመጣለን? ባለ ገመዱንም አልፈልግም፣ በመጀመሪያው ቀን የራሱን ገመድ ያጭደዋል። ማሽኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ነገር በግራ እጅ የሚሠራ መሆኑን አደራ ሱቁ ውስጥ ራስህ ሞክረው፤ ቀኝ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ሞክረው። እጀታው የሚታጠፍ ይሁን፣ ጤና ጣቢያ ድረስ በአህያ ነው የሚሄደው። ከረጢቱ ጠንከር ያለ ጨርቅ ይሁን፣ እሾኻችንን ታውቀዋለህ። ስለቱንስ ቀጥቃጩ ገብረየሱስ ይሞርድልናል፤ ድንጋይ ቢሰብረው ግን አንድ ትርፍ ቢኖር አይከፋም። ለውዱ ማሽን ካሰብከው ገንዘብ ከተረፈ ለሸዋረግ ጫማ ግዛበት፣ ለኛ ምንም አትጨምር።

ትናንት ይህን ስጽፍ ቸሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። የስመኝ ማሽን እጀታው አጥሮበት ወገቡን አሞት ነበር፤ «ቁመቴን ጻፊለት» አለኝ። ሜትር የለን። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንደ ምልምል ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ጥቁር የበግ ፈትል ወስጄ ከወገቡ እስከ መሬት ለካሁት። ልቆርጥ ስል ቆዪ ብሎ ሄዶ ቦት ጫማውን አድርጎ መጣ፤ በጫማ ነው የምሠራው ብሎ እንደገና አስለካኝ። ፈትሉን አጥፌ ወረቀቱ ውስጥ አድርጌልሃለሁ፤ አንዱን ጫፍ መሬት ስታስነካው ቋጠሮው ያለበት እጀታው ነው።

ዓለምፀሐይን ጉንጯን ስሜያታለሁ፤ የላከችው ሻርፕ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚወጣው በላት። ለሸዋረግ ጥጃዋ ትጠብቅሻለች በላት፣ ግንባሯን ሳምልኝ። ለጉልበትህ ቅቤ ቀባው፣ አትሳቅ። ሰብሊና ባሏ ሰላም ብለውሃል። ስመኝ ስትመጣ አልጋ በነጻ አለህ ብላሃለች። ቅጣውም ሰላም ብሎሃል፤ ሁለት ማሽን ቢያመጣስ ብሎ ነበር፣ ይህን እንዳልሰማህ እለፈው። የቸሩ ሰላምታ እንደ ወትሮው አጭር ነው፤ ሱቅ ስትሄድ ፈትሉን እንዳትረሳው ብሎሃል።

እህትህ ጌታነሽ
ቀየት፣ መንዝ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.