ትኩሳቱ የለቀቀ ዕለት

ይድረስ ለሆዴ እሳት፣ ለልጄ ለአዱኛ።

ያለ አንተ ሁለት ክረምት ገባ፣ ወጣ። እኔ እናትህ አለሁ፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ምላሴ ግን ያው ነው። ላሚቱ ወልዳለች። የደጁን ባሕር ዛፍ ሸጬ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። ዝናብ ሲወርድበት ድንጋይ የሚወረውሩብን ይመስለኛል፤ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተደባድቤ ነው። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ያውም ከወንድሜ፣ ከአጎትህ ከእሸቴ ጋር።

ልጅህ ባንቻየሁ አንተ የሄድክበት መተማ ሄደች፣ ለሰሊጥ ቆራጮች ወጥ ልትሠራ። አትሄጅም ብዬ በሩ ላይ ተኛሁ፤ ተራምዳኝ ሄደች። አንተን መሆኗ ነው! ስትመለስ እንዳንተው በትኩሳት ነደደች። አጥንቷን በመዶሻ የሚቀጠቅጡት ይመስል ትጮሃለች። ሰዉ ሁሉ ወባ ነው አለ። እኔ ጎትቼ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አስገባኋት። ደሟን ቀዱና ወባ አይደለም፣ ደንጊ የሚሉት ነው፣ ይኸም የትንኝ ጣጣ ነው አሉ። ዶክተሯ ጠበቅ አርጋ ነገረችኝ፤ እማማ፣ ትኩሳቱ ሲለቃት እንዳይዘናጉ፣ ክፉው የሚመጣው ያኔ ነው፤ በማን ላይ እንደሚጠና ቀድሞ የሚነግረን ደሙ ነውና በየቀኑ እንቀዳለን አለች። ደም የሚያረጋው ነገር ቁልቁል ከወረደ፣ ውሃውም ከደም ስሯ ሾልኮ ደሟ ከወፈረ፣ አደጋ ነው አለችኝ።

ያኔ ትዝ አልከኝ። አንተም ትኩሳቱ ሲለቅህ ተነስተህ በላህ፣ ቀለድክ። እሸቴም ተሽሎታል፣ ርዝራዡን ፍል ውሃ ያወጣለታል ብሎ ወንዛዬ ወሰደህ። ከወባ ንዳድ ያገገመ ሰው ሁሌም እንዲያ ነው የሚደረገው። ደምህን ያየልህ አልነበረም። ውሃው ውስጥ ሳለህ አፍንጫህ፣ ድድህ፣ ደሙ ፈነዳ። ውሃው ቀላ፤ የሚታጠበው ሰው ልብሱን ጥሎ ሸሸ። አንተም በዚያው ቀረህ። እኔ ፊቴን ነጨሁት፣ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

እናልህ፣ ባንቻየሁን ትኩሳቱ እንደለቀቃት እሸቴ ባጃጅ ይዞ ከተፍ አለ። ልጅቱ ድናለች፣ እነዚህ የቀራትን ደም ቀድተው ሊጨርሱት ነው፣ ወንዛዬ እወስዳታለሁ ብሎ ክንዷን ጎተተ። የግሉኮሱ መርፌ ተነቅሎ ደሟ አንሶላው ላይ ተረጨ። ልጄ፣ ዓይኔ ጨለመ። እጁን ነከስኩት። በቀሩኝ ጥርሶች፣ አጥንቱ እስኪሰማኝ! አብዳለች፣ አላቁኝ እያለ ይጮሃል። ግሉኮስ የሚሰቀልበትን ብረት አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት፣ ደገምኩት። አንዱን ቀብረህልኛል፣ ይችን አትወስዳትም፣ መጀመሪያ እኔን ግደለኝ አልኩት። ዘበኛው ወገቤን ይዞ ሲያነሳኝ የእሱንም አፍንጫ በክርኔ መታሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሱ እንኳ ምንም አላደረገ።

በዚያ ግርግር መሃል የላብራቶሪዋ ልጅ ገብታ፣ የባንቻየሁን ክንድ አስራ ደም ቀዳች። ውጤቱ ሲወጣ ዶክተሯ ሮጣ መጣች። የሚያረጋው ወድቋል፣ ደሟ ወፍሯል። ብዙም ሳይቆይ ድዷ ደማ፣ ሆዷ ተነፋ፣ እጅ እግሯ በረዶ ሆነ። ግን አልጋው ላይ ነበረች፤ የወንዛዬ መንገድ ላይ አልነበረችም። ግሉኮሱን እየለኩ፣ ደሟን እየቀዱ እያዩ፣ ከሞት አፍ መነጠቋት።

እሸቴ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ። ያኔ ነው የገባው። አዱኛ፣ አዱኛ እያለ ራሱን በጡጫ ይቀጠቅጥ ጀመር። አልገላገልኩትም። ይምታ አልኩ። ሲደክመው ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ባንቻየሁ ቤት ገብታለች፤ ቀጥናለች እንጂ አለች። አንተን የማስብህ በተዝካር ብቻ እንዳይመስልህ፣ ልጄ። ከሰሊጥ ቆረጣ ትኩሳት ይዞ የመጣውን የሰው ልጅ ሁሉ፣ ተሻለኝ ብሎ ሲነሳ አንገቱን ይዤ ደም አስቀዳዋለሁ። ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ ቢለኝ፣ አዱኛ የሚባል ልጅ ነበረኝ ብዬ እጀምርለታለሁ።