ሁለት መሐላ የተማለበት ጠርሙስ

ሰኞ

ጎረቤቴ ዘሃራ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀጥ ብላ ቆመች። «ምን አልሽ?» አለችኝ።

እኔማ ለጨዋታ ነበር። ከብሎካችን ጀርባ አብረን የተከልነው ጎመን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲያምር አይቼ «የበሬ ደም ስለጠጣ ነው» አልኳት። እውነትም መስሎኝ። ገርጂ ያለው ባለሱቅ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ማዳበሪያ ሲሸጥልኝ እንዲያ ነው ያለኝ፦ ከቄራ የመጣ ደምና አጥንት፣ ሌላ ምንም የለበትም። «ጌታ ይባርክህ» ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሜን እናቴ፣ ጌታ ምስክሬ ነው» አለ።

ሁለተኛውን ጠርሙስ የገዛችው ዘሃራ ናት። ሙስሊም ናት፤ ደም በእጇ መንካት አትፈልግም። ስለዚህ ገና ከመግዛቷ በፊት ጠይቃዋለች። «ወላሂ ደም የለበትም፤ የባህር ሣርና ቅጠል ብቻ ነው» ብሏታል።

አንድ ሱቅ። አንድ ሰው። አንድ ዓይነት ጠርሙስ።

ግማሹን መደብ ሳናጠጣ ገባን። እጇን ደጋግማ ስትታጠብ አየኋት።

ማክሰኞ

መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱን አገላበጥኩት። ፊት ለፊት ቅጠል፣ የውሃ ጠብታ፣ «መቶ በመቶ ኦርጋኒክ»። ከኋላ ጉንዳን የሚያህል የእንግሊዝኛ ፊደልና ሦስት ቁጥሮች፦ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። ከምን እንደተሠራ የለም። የት እንደተሠራ የለም። ዘይት ስገዛ ስንቴ የማገላብጥ ሴትዮ፣ ይሄን እንዴት ዝም ብዬ ተሸክሜ መጣሁ?

ፎቶ አንስቼ ለናሆም ላክሁለት። የእህቴ ልጅ ነው፤ አበባ እርሻ ውስጥ ይሠራል። ወዲያው ደወለ፣ እየሳቀ። «አክስቴ፣ ቁጥሮቹ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሽየም መጠን ናቸው። ደም ብትጨምቂ ቅጠል ብትጨምቂ ሦስቱም እኩል ሃያ አይሆኑልሽም። ይሄ የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው።»

መርዝ ነው ወይ አልኩት። «አይደለም። በልኩ ከሆነ ጎመኑ ይበላል። ውሸቱ ነው እንጂ ክፉው።» ደግሞ ላብራቶሪ ካልገባ እርግጡን መናገር አይቻልም አለ፤ ቁጥሩ ራሱ እንዲሁ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ጉድ እኮ ነው፤ ውሸቱም ውሸት ሊሆን ይችላል!

«ውሸቱ ነው እንጂ ክፉው» አለ፤ እንደ ቀላል ነገር።

ረቡዕ

ዘሃራ አልወረደችም። ብቻዬን አጠጣሁ፣ ባዶ ውሃ።

ጠርሙሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፍግ እንጠቀም ነበር፤ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ እስካሁን ላም ከሚያረቡ ሰውዬ ነበር የምናመጣው። ዝንብ መጣ ተባለ። ሽታ ተባለ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽ ደምሴ «መስኮት መክፈት አቃተን እኮ» ብለው በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተናገሩ። እኔ ደግሞ ብልጥ መሆኔ ነው፤ የማይሸት ነገር ፍለጋ ገርጂ ድረስ ሄድኩ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የቱ እንደሆነ ለራሴም አልለይ አለኝ። የቅጠሉ ሥዕል? «እናቴ» ማለቱ? ጌታን ምስክር መጥራቱ? እኔ «አሜን» ብዬ መውጣቴ?

ከሰዓት ዘሃራ አንኳኳች። ሼኹን ጠይቃ ነው የመጣችው፤ ጎመኑን መብላት ችግር የለውም ብለዋታል። «ታዲያ ለምን ጠፋሽብኝ?» አልኳት።

«ወላሂ ብሎኝ እኮ ነው፣ አስቱ። እኔ ሰው ወላሂ ካለኝ በኋላ አልጠይቅም። ጎመኑ አይደለም የከፋኝ።»

ነገ አብረን እንሄዳለን።

ሐሙስ

ሄድን። ሱቁ ያምራል፤ ሰውየውም የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሽቶ። አላወቀንም። ዘሃራ በጨዋ ደንብ «ይሄ ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለችው። ሂጃቧን አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ያኔ ትዝ አልኩት መሰለኝ፣ አፉን ዘጋ። የሰው ዝምታ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ሁለት ዓይነት ነው እናቴ። የደሙ ሌላ፣ የባህሩ ሌላ» አለ።

ሁለቱን ጠርሙሶች ከፌስታል አውጥቼ ጎን ለጎን አቆምኩለት። ጽሑፋቸው አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ። «በል እስቲ፣ ደሙ የትኛው ነው?»

«እናቴ፣ አይቆጡ። እኛም ከአከፋፋይ ነው የምንረከበው። ደንበኛ የሚፈልገውን ነው የምንነግረው።» ይሄ እንግዲህ ይቅርታ መሆኑ ነው!

ብራችሁን ልመልስ አለ። ዘሃራ እጇን አወዛወዘች። «ብሩን ተወው። ወላሂ ያልከኝ ውሸት እንደነበር በፊቷ ተናገር።»

ሳቀ። «እሱማ የንግድ ቋንቋ ነው» አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የንግድ ቋንቋ!

ይሄን ሁሉ ቆሞ ሲሰማ የነበረ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አንዱን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አንስቶ፣ ከፍሎ፣ «መልካም ቀን» ብሎን ወጣ። ታክሲ ውስጥ እስከ ቦሌ ሚካኤል ለፈለፍኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ።

ዓርብ

አቤት ልል ንግድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ወደ ሌላ ቢሮ ላኩኝ። እዚያ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። አቤቱታዬን እንኳ ሳላስገባ ተመለስኩ።

ከዘሃራ ጋር ተጣላሁ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጎረቤቱ ደረጃ ስር ጎመን ሊገዛን ይወርዳል። «ምን እንበላቸው?» አለችኝ።

«ምንም። ጠርሙስ ከእንግዲህ አንነካም፤ አለቀ።»

«ኬሚካል አልነካውም ብለን ሸጠናል።»

«ተታለን እኮ ነው!»

«እስከ ሰኞ ተታለን ነበር። ነገ ዝም ካልን ከሱ በምን እንሻላለን?»

ከባለሱቁ ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። እውነቴን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ የሱን ውሸት እኛ ምን በወጣን ተሸክመን ደረጃ ስር እንዋረዳለን? አንደኛ ፎቅ ያለችው ሰላም ደግሞ አለች። ልጇ ምግብ መጀመሩ ነው፤ ድንች ላይ ፈጭታ የምታበላው የእኛን ጎመን ነው፣ «ያንቺ ንጹህ ነው» እያለች። ሰላምን ዓይን ዓይኗን እያየሁ እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው?

በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ተመልሼ ከፈትኩት፤ አሁንም እዚያው ቆማ ነበር። «ጠርሙሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ» አልኳት።

ቅዳሜ

ተናገርኩ። ላብ በላብ ሆኜ።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ድሮስ አምኜሽ መስሎሽ ነው? ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። አንድ እስር ስጪኝ» አሉ። ደግሞ ማጽናናታቸው ነው! ይሄን ሁሉ ጊዜ ውሸታም ናት ብለው፣ ፈገግ ብለው፣ አመስግነው ሲገዙኝ ነበር ማለት ነው። ጎመኑን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝ።

ሌሎቹም እንዲያው ናቸው። አንዷ «ካልገደለን ምን አለበት» አለች። አንዱ የገበያው ጎመንስ በምን አደገ ብሎ ሳቀ። አንድ ሰው አይቆጣም? በዚህ ሕንፃ ውሸት የሚያንገበግበው ሰው ከዘሃራና ከእኔ ሌላ የለም?

ሰላም ልጇን አዝላ ወረደች። አንድ እስር አንስታ ስትመርጥ ነገርኳት፤ የሱቁን፣ ናሆም ያለውን፣ መርዝ እንዳልሆነ፣ ግን ነው ብዬ የሸጥኩላት ነገር እንዳልሆነ። ፊቷ ተለወጠ። «ለልጄ እኮ ነው የምሰጠው፣ እትዬ አስቴር።»

«አውቃለሁ።»

«ከአሁን በኋላስ?»

«ፍግ ብቻ። ጋሽ ደምሴ መስኮታቸውን ይዝጉ።» አልሳቀችም።

«በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ «ጌታ ምስክሬ ነው» ልላት። ተውኩት። ያ ሰውዬ ያን ቃል ከአፌ ወስዶብኛል። ዘሃራን አየኋት፤ የእሷንም «ወላሂ» ወስዶባታል።

ሰላም ጎመኑን መልሳ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠች። በቀስታ፣ እንዳይጎዳ አድርጋ። ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

«ስናጠጣ ነይና እዪ!» አልኳት ከኋላዋ። «በፈለግሽ ሰዓት ነይ፣ ሳትነግሪን ነይ!»

ልጁ ከጀርባዋ ላይ ዞሮ አየኝ። እሷ አልዞረችም።