የፈላ ውሃ

ይድረስ ለእናቴ፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ከደጅሽ ይግባ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። በሳቲን በሚባለው ሰፈራችን ሙቀቱ በርትቷል፣ መብራትም ጠፍቷል። ባለቤቴ ቡርሃን መንሱራ በሚባል ሰፈር የግንባታ ሥራ አግኝቷል።

ልጄን በሟቹ ወንድሜ ስም ኸይሩ አልነው። ዓይኑ ቁርጥ ያንቺ ነው። ቆዳው ግን ስስ ነው፤ ሳቅፈው እጄ ያረፈበት ሁሉ ውሃ ይቋጥራል፣ ስለዚህ ትራስ ላይ አስተኝቼ አጠባዋለሁ። ጎረቤቶቼ ምን አቃጠለው ይሉኛል። ዶክተሯ ከቤተሰባችሁ እንዲህ የሆነ ሕፃን ነበር ወይ ብትለኝ፣ የለም አልኳት።

እማ፣ ወንድሜን በአራስነቱ የገደለው የፈላ ውሃ ነው ትዪኝ ነበር። ውሃውን ያፈላው ማን ነበር?

መልሱን በስልክ አትንገሪኝ፤ ቡርሃን አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ዱዓሽ አይለየን።

ልጅሽ ዐሊያ