ጎማው ላይ ጭቃ የለም

ሐምሌ 7

ሚጢ ዛሬ ካምፕ ጀመረች።

ሚኒባሱ ጠዋት በራችን ድረስ መጣ። ሹፌሩ ተሽከርካሪ ወንበሯን አጥፎ ከኋላ ጫነው። እሷን አቅፌ ያስገባኋት እኔ ነኝ። «ቻው አባዬ» እንኳ አላለችኝም... ቀድመው የገቡትን ልጆች በዓይኗ ስትበላ ነበር። እግራቸው የማይሸከማቸው፣ የማያዩ፣ የማይሰሙ። ሁሉም ቢጫ የካምፕ ካናቴራ ለብሰዋል። የሷንም እናቷ ትናንት ተኩሳ አዘጋጅታ ነበር።

እስከ ሐምሌ መጨረሻ ጠዋት ይወስዷታል፣ ከሰዓት ይመልሷታል። ሲያልቅ ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት ያድራሉ ብለዋል። እሱን ያኔ እናየዋለን አልኩ። እናቷ «ያኔ ማለትህ አይሆንም ማለትህ ነው» አለችኝ። ታውቀኛለች።

ምዝገባ ቀን የካምፑን ኃላፊ ያሳሰብኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከወንበሯ እንዳትወርድ። ቤታችንም ደንብ ነው። ወንበሩ ከመጣ ወዲህ ሚጢ መሬት ላይ አትወርድም። አሥር ዓመቷ ነው፣ ሕፃን አይደለችም።

ከሰዓት ስልኬ ላይ ፎቶ መጣ። ዛፍ ሥር፣ ወንበሯ ላይ፣ ሣር መሐል። ትስቃለች።

ሐምሌ 9

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ የተገጨ የጭነት መኪና ስመረምር ዋልኩ። ባለቤቱ «ቆሜ ሳለሁ ነው የመቱኝ» ይላል። ጎማው ሌላ ይላል። ለመድን ድርጅቱ ጉዳት ስገምት ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ሰው ይረሳል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጎማ ግን የሄደበትን ይዞ ይመጣል።

ሚጢ ስትመለስ ወንበሩን ልጠርግ በረንዳ ላይ ገለበጥኩት። ጎማው ንጹሕ ነው። ጭቃ የለም። አንዲት ዘለላ ሣር የለችም። የዛሬው ፎቶ ላይ ግን ሣር መሐል ነች።

ጠርገውት ይሆናል... ጥሩ ሰዎች ይሆናሉ።

ሐምሌ 10

ዛሬም ንጹሕ።

ሐምሌ 14

ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ሱሪው ከጉልበቱ በስተኋላ ይጨማደዳል። የሚጢ ሱሪ ጠዋት እንደተተኮሰ ነው። ለእናቷ አሳየኋት። ከእጄ ነጥቃ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ እኮ መኪና አይደለችም። ልትገምታት ነው?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሱሪው ግን አልተጨማደደም። ታዲያ የት ነው ያስቀመጧት? አስተኝተዋት ይውሉ ይሆን? የሚያስተኛ መድኃኒት አለ ሲባል ሰምቻለሁ... ግን ስትመለስ ዓይኗ ንቁ ነው። እራቷንም ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። እንዲህ በልታ አታውቅም። እሱም ራሱ ይገርማል። ምሳ አይሰጧትም እንዴ?

ሐምሌ 15

እናቷ ስታጥባት ጠራችኝ። የዛሬው አጠራሯ ሳቅ የለበትም።

ሁለቱም ጉልበቶቿ ተልጠዋል። ክርኖቿም እንደዚሁ። አንዱ ሊሽር ደርሷል፣ ሌላው ትኩስ ነው። የአንድ ቀን ጉዳት አይደለም።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

እናቷ አባበለቻት፣ እኔ ቆጣ አልኩ፣ እናቷ በዓይኗ ገላመጠችኝ። በመጨረሻ «ምስጢር ነው» አለች። የሚጢ ንግግር ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን ጎትታ ጎትታ ነው የምታወጣው።

«ከማን ጋር?»

«ከእትዬ።»

እትዬ ኃላፊዋ ናት፤ ልጆቹ እንዲያ ነው የሚጠሯት። ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ምዝገባ ቀን እጄን ጠበቅ አድርጋ ነበር የጨበጠችኝ። ያን ቀን ወድጄላት ነበር። አሁን እሱንም ጠረጠርኩት።

ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ምን ምስጢር አለው?

ሐምሌ 16

አስቀረናት። አሟታል ብዬ ደወልኩ። እትዬ «ወይኔ፣ ይማራት» አለች፤ ከኋላዋ ልጆች ይጮኻሉ። የደስታ ነው የሌላ? በስልክ አይለይም።

ሚጢ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ምሳዋን በእጇ ጀርባ ገፋችው።

ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ያው ቢጫ ካናቴራ፣ ያው ዛፍ... በሁሉም ላይ ፀጉሯ ሁለት ቦታ ተጎንጉኗል። እናቷ ሁለት ቦታ የጎነጎነቻት የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነው።

ሁሉም የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ከፋፍለው በየቀኑ እየላኩልን ነው።

እናቷ ስልኩን ተቀብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ውሸታሞች» አለች በቀስታ። ከእኔ መቶ ጥርጣሬ የሷ አንዷ ቃል ትከብዳለች። ፖሊስ ጋ እንሂድ አለች። ምን ብለን? ጎማው ንጹሕ ነው ብለን? መጀመሪያ በዓይኔ ልየው አልኩ። ነገ ትሂድና ከኋላ ልከተል።

«ልጄን ማጥመጃ ልታደርጋት ነው?»

በመጨረሻ ዓይኔን ከሚኒባሱ ላልነቅል አስማለችኝ።

ሐምሌ 17

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አለዚያ ነገ ራሴን አላምነውም።

ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። ጃኬቷን ሆን ብዬ ከቦርሳዋ አውጥቼ ሚኒባሱን ተከተልኩ። በሩ ላይ ዘበኛው አቆመኝ። ጃኬት ረስታ ነው ስለው «ይስጡኝ፣ እኔ አደርሳለሁ» አለ፤ በጣም ትሑት ሆኖ። እሱም አለበት አልኩ በልቤ። አመስግኜው የሄድኩ መስዬ አጥሩን ዞርኩ። ከጓሮ በኩል ሽቦ ነው፤ ቁጥቋጦ ሸፍኖታል።

መጀመሪያ ያየሁት ወንበሮቹን ነው። በረንዳው ሥር እንደ ጋራዥ መኪና ተደርድረው ቆመዋል። ባዷቸውን። ክራንቾች ግድግዳውን ተደግፈዋል። የሚጢ ወንበር ከዳር ነው። ልጅ የሚባል የለም።

ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ጥቂት ወደ ጎን ሄድኩ።

ሣሩ ላይ ናቸው። ርጥብ ሣር፣ ጭቃ፣ ሁሉም መሬት ላይ። በሆዱ የሚሳብ አለ፣ በቂጡ የሚንፏቀቅ አለ። አንድ የማያይ ልጅ ጆሮውን አቁሞ ይዳብሳል። የሚያሳድዱት ትልቅ ኳስ ነው፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር አለው። ሠራተኞቹም መሬት ላይ ናቸው። የጨዋታው ሕግ መሆን አለበት፤ ማንም አይቆምም። እትዬም ጭምር። ያች ግዙፍ ሴት በሆዷ ተዘርግታ ከጭቃው ጋር ትታገላለች።

ከሁሉም ፊት ሚጢ ነች።

የማላውቀው አሮጌ ሱሪና ካናቴራ ለብሳለች። ኳሱን በደረቷ እየገፋች በክርኖቿ ትቀዝፋለች፤ እግሮቿ ከኋላ ይከተሏታል። እጆቿ ይህን ያህል ጉልበት አላቸው? ዞር አለችና ጮኸች፦

«እትዬ! እግር እያለሽ ምነው ቀረሽ?»

ቃሉን አልጎተተችውም። ወይም እኔ አልታወቀኝም።

«አንቺ ተንኮለኛ! እግሬማ አለ፣ ቦርጬ ነው እምቢ ያለኝ!»

ሳቅሁ መሰለኝ። ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ፣ ሚጢ ቀና አለች፣ አየችኝ።

ሳቋ ተቆረጠ። ኳሱን ለቀቀችው። እዚያው ጭቃ ላይ ተቃንታ ለመቀመጥ ታገለች። ጉልበቷን በእጇ ትጠርጋለች፣ እጇ ደግሞ ከጉልበቷ የባሰ ነው። ዓይኗ በረንዳው ሥር ወንበሯን ይፈልጋል።

ስንት የተገጨ ነገር አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ፊት ግን...

ጃኬቱን ከአጥሩ በላይ አነሣሁላት። «ረስተሽው» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ወደ በሩ ተመለስኩ፤ እትዬ እዚያ ድረስ መጣች። እጇ ጭቃ ስለሆነ አልጨበጠችኝም። ፎቶው ውሸት ነው አልኳት።

«ውሸት ነው» አለች። ዓይኗን አልሰበረችም።

«የማን ሐሳብ ነው?»

«የልጅዎ።»

ነገረችኝ። ሚጢ የመጀመሪያውን ቀን ወንበሯ ላይ ሆና ሌሎቹን ስታይ ዋለች። በማግስቱ አውርዱኝ አለች። እንቢ አሏት፤ አባትሽ ብሏል አሏት። ቀበቶዋን ራሷ ፈትታ ወረደች። ወደ ቤት ስትመለስ ግን አለቀሰች። አባዬ መሬት ላይ ካየኝ ያስቀረኛል አለች። ስለዚህ ለጨዋታ የሚሆን ሌላ ልብስ፣ ለእኛ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ፎቶ።

«ሊደውሉልኝ ይገባ ነበር።»

«ብደውል ምን ይሉኝ ነበር?»

ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ልተወው ግን አልሆነልኝም። ልጄን ከወላጆቿ መደበቅ አስተማሯት አልኳት። ጭቃውን ከመዳፏ ላይ ስትፍቅ ቆየች።

«ማገዜ ጥፋት ነው። ለሱ ይቅርታ። መደበቁን ግን ከቤት ይዛው ነው የመጣችው።»

ተናደድኩ። በድፍረቷ ይሁን በእውነቷ አልለየሁትም።

ሐምሌ 18

ለእናቷ ሁሉንም ነገርኳት። ኳሱ ጋ ስደርስ አለቀሰች። እትዬ መደበቁን ያገዘችበት ጋ ስደርስ እንባዋን ጠርጋ ኮስተር አለች።

ወንበሩ ሳይመጣ በፊት ሚጢ ቤቱን በክርኗ ታካልለው ነበር። ሣሎን፣ ማድ ቤት፣ ከአልጋ ሥር። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን፣ አሁንም ትድሃለች?» ደንቡን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለክብሯ ብዬ። ለሷ ነበር... ወይስ ለእንግዳው?

ሚጢ ወደ ካምፕ ሄደች። ማንም ትሂድ ወይ ብሎ አልጠየቀም።

ሐምሌ 21

የዛሬው ፎቶ ላይ ፊቷ አይታይም፤ ጭቃ ነው። ፀጉሯን አየሁ። አንድ ቦታ ነው የተጎነጎነው። የዛሬ ነው።

አዎ፣ አሁንም አያለሁ። ልማድ አይለቅም።

ሐምሌ 26

ለሐይቁ መልስ ጠየቁን። ሦስት ሌሊት። ወላጅ አብሮ አያድርም።

ነገሩ ተገለበጠ። እኔ ትሂድ ወደሚለው አዘነበልኩ፤ እናቷ እንቢ አለች። በሱሪው የሳቀችብኝ ሴት! ጨዋታው ጥሩ ነው፣ አምናለሁ አለች። ከዚያም፦

«ግን ለደግ ነገር ምስጢር ያስያዘ ሰው ለክፉ ነገርም ያስይዛል። ልጅቷ እንዴት ትለየው? አንተስ እንዴት ትለየዋለህ?»

አንዴ የዋሸ ባለንብረት ሁለተኛ ሲመጣ እኔስ ምን አደርጋለሁ? ዝቅ ብዬ እስከ ታችኛው ቡሎን አያለሁ።

ሐምሌ 28

እትዬ ጋ ሄድኩ። በፊት ለፊት በር፣ ደውዬ። ዘበኛው «ዛሬስ ጃኬት የለም?» አለኝ። ቁጥቋጦውን ያውቃል ማለት ነው።

የት ነው የሚተኙት? ሌሊት ማን አለ? ውኃው ዳር ማን ይቆማል? ሁሉንም መለሰች፤ አንዱን ሁለቴ ጠየቅኳት፣ ያንኑ መለሰች። የመጨረሻው የእናቷ ጥያቄ ነበር። ደግሞ «ምስጢር አለኝ» ብትለንስ?

«በየማታው ራሷ ትደውልላችኋለች። እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ። ሚጢንም እናንተ ፊት እነግራታለሁ፦ ከእናትና ከአባት የሚደበቅ ነገር ከእንግዲህ የለንም።»

መጥታ ነገረቻት፤ እኛ ቤት፣ እኛ ፊት። ሚጢ አዳምጣ አዳምጣ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ «እሺ... አባዬም አጥር ጥግ አይደበቅ» አለች።

እናቷ እንኳ ፈገግ አለች። ግን እሺ አላለችም።

ሐምሌ 30

ከሥራ ስመለስ ሣሎን ወለል ላይ በሆዴ ተኛሁ። የእጅ ባትሪዬን ይዤ። ከዚያ ከፍታ ሌላ ቤት ነው። የቁም ሣጥኑ እግር ሥር የተሰበረ ብርጭቆ ስባሪ፣ መቼ እንደተሰበረ የማላውቀው። የበሩ ደፍ ላይ ራሱ ወጣ ያለ ምስማር። ከጣውላው ስንጣሪ። ይህ ሁሉ እዚህ ነበር? እናቷ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ምን ጠፋብህ አለች።

«ምስማር።»

ትንሽ አየችኝና መዶሻውን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችው። ምስማሩን መትቼ አስገባሁት። የቀረውን ወለል እሷ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ እስከ ጥግ ድረስ።

አሁን ተኝተዋል። ሚጢ ዛሬ ሳልጠራት በራሷ ከወንበሯ ወርዳ ነበር። ማንም ምንም አላላትም። ልብሷን ለሐይቁ ጉዞ ራሷ ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ማንገቻውን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ በክርኗ እየቀዘፈች እስከ ውጪው በር ጎተተችው። አሮጌውን ሱሪ ከላይ አድርጋዋለች።

እናቷ ከመተኛቷ በፊት ቦርሳው ጋ ቆመች። ሱሪውን አነሣች፣ ጉልበቱን ዳበሰች፣ አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው። ምን ወሰንሽ አላልኳት።

ሹፌሩ ነገ ጠዋት መልስ ይጠይቃል።